የልጄን እናት መስዬ በመቅረቤ

ለተከበሩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ምክትል ርእሰ መምህር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያለ በቂ ማስረጃ እናት ሆኖ መገኘትን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ ለመላ አካላትዎ፣ ይልቁንም ለጉሮሮዎ ጤና እመኛለሁ። በየማለዳው የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ አዘውትሮ መማር ስላለው ጥቅም በድምጽ ማጉያ የሚሰጡት ምክር እኛ መንደር ድረስ ይሰማል። በሩ ከተዘጋ በኋላ የደረሱት ተማሪዎችም ውጭ ቆመው እስከ መጨረሻው ያዳምጡታል፤ ከገቡት ይልቅ ምክሩን በጽሞና የሚከታተሉት እነሱ ናቸው፤ ያን ሰዓት ሌላ የሚከታተሉት ትምህርት የላቸውምና።

ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ማስረከብ ሲገባኝ በጋዜጣ ማውጣቴ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። ቢሮዎ እንዳልደርስ ለጥበቃው ትእዛዝ ስለተሰጠ፣ ትእዛዝዎን ማክበሬ ነው።

ማን እንደሆንኩ አንድ ጊዜ በቃል ለማስረዳት ሞክሬ ስላልተሳካልኝ፣ አሁን በጽሑፍ ልሞክር። ከገበያው ጀርባ ባለው መጋዘን ውስጥ ከአሮጌ ደብተርና ከተገነጣጠለ መጽሐፍ የወረቀት ከረጢት ከሚያጣብቁት ሴቶች አንዷ ነኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማር አንዲት ልጅ አለችኝ። "አለችኝ" የሚለውን ቃል የጻፍኩት ፈራ ተባ እያልኩ ነው፤ በእርስዎ ቢሮ እምነት መሠረት ልጅቷ የሌላ ሴት ናት።

ነገሩ የተጀመረው ሙጫ ያለቀ ዕለት ነው። ሥራ ስለቆመ በጠዋቱ ወደ ቤታችን ሂዱ ተባልን፤ እኔም ስመለስ ከትምህርት ቤትዎ አጥር ማዶ ባለው የውበት ሳሎን መስታወት በኩል ልጄን አየኋት። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ የደብተር ቦርሳዋን ወንበር ላይ አንጠልጥላ፣ ለሳሎኑ ባለቤት የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን ታቀብላለች። ልጆቹ መፎረፍ የሚሉት ነገር መሆኑ ወዲያው ገባኝ። ክቡር ሆይ፣ ከትምህርት መቅረቷ አንድ ነገር ነው፤ ትስቅ ነበር። ያቺ ሴትዮ አንድ ነገር ስትላት አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቅ ነበር። እኔ ቤት እንዲያ ከሳቀች ቆይታለች። ገብቼ እጇን ይዤ መውጣት ሲገባኝ፣ የሰው ቤት እንደሚሰልል ሰው መስታወቱ ሥር ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ለመውቀስ የሚመቸኝ ሰው እርስዎ ስለሆኑ ወደ እርስዎ መጣሁ።

የገባሁት ከነሽርጤ ነበር፤ ጣቶቼም ላይ የደረቀ ሙጫ ነበረ። የልጄን ስም ጠርቼ፣ እናቷ መሆኔን ገልጬ፣ ከትምህርት እየቀረች መሆኗን ያውቁ እንደሆነ በትህትና ጠየቅኩ። እርስዎም መነጽርዎን አፍንጫዎ ጫፍ ላይ አውርደው ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከቱኝና፣ የልጅቷ እናት ከዚህ ቀደም ተጠርተው መምጣታቸውን፣ በልጃቸው መቅረት አዝነው መፈረማቸውን፣ ሥርዓት ያላቸውና የትምህርት ነገር የገባቸው ሴት መሆናቸውን አስረዱኝ። ቀጥለውም ድምጽዎን ለስለስ አድርገው፣ "እናቴ፣ በዚህ ዕድሜዎ የኪራይ ወላጅ መሆን አያሳፍርም?" አሉኝ። በዚያ ቢሮ ውስጥ እናት ተብዬ የተጠራሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ለእሱም አመሰግናለሁ።

ቁጥር የሌለው አቤቱታ ቢሮ ውስጥ ዋጋ እንደማያወጣ ስለሰማሁ፣ ምስጋናዬንም ቅሬታዬንም በቁጥር አድርጌ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ዓይንዎ ጥራት። ወላጅ ይዘህ ና የተባለ ተማሪ ሁሉ በየመንገዱ ያገኘውን ሰው አጎቴ ነው፣ አክስቴ ናት እያለ ቢሮዎ ይዞ እንደሚገባ በመንደሩ የማያውቅ የለም። የጎረቤቴ ልጅ የታክሲ ረዳት አባት አድርጎ አቅርቦ፣ ሰውየው ውስጥ ገብቶ ልጁን በጥፊ ሊመታው ሲል እርስዎ "ተው፣ አባትነት በቁጣ አይደለም" ብለው እንደገላገሉት እስካሁን ይሳቅበታል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ማንም አልተነቃበትም። ሐሰተኛ ተብላ ተይዛ፣ ክንዷን በጥበቃ ተይዛ የወጣችው የመጀመሪያዋ ወላጅ እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ባለበት ትምህርት ቤት ልጄን ማስተማሬ ያኮራኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርጫዎ። እናት ሆና የፈረመችው የሳሎኗ ሴትዮ መሆኗን ከገለጻዎ ወዲያው አወቅሁ፤ እሷን ስላወደሱበት መንገድ ብቃወም ፍትሐዊ ሰው አልሆንም። አየኋት እኮ። ጫማዋ አቧራ አይነካውም፤ ስታወራ ሰው ያደምጣታል፤ ሽቶዋ ከሄደች በኋላ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። እንዲህ ያለች እናት ብትሰጠኝ እኔም እምቢ አልልም ነበር። እኔ ቤት ስገባ የምሸተው ሙጫ ነው፤ ሲደክመኝ ደግሞ ዝም እላለሁ። ሁለታችንን ጎን ለጎን አቁመው ለልጅቷ የሚስማማትን መርጠዋል፤ እኔም በሐሳቤ ሁለታችንን ጎን ለጎን ባቆምኩ ቁጥር ምርጫዎ ትክክል መስሎ እየታየኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሕጉ። ልጅቷ ከዚያ ፊርማ በኋላም ስለቀረች ከትምህርት ታገደች፤ እገዳው የሚነሳው እናቷ ቀርባ ስትፈርም ነው፤ ካልፈረመች ከስም መጥሪያው ትሰረዝና የዓመቱን ፈተና አትቀመጥም። ልጅ ከክፍል እንዳይቀር ከክፍል ማስቀረት የሚያስገኘውን ጥቅም እኔ አልደረስኩበትም፤ የሳለን ሰው ብርድ ላይ ከማሳደር የሚለይበት ረቂቅ ነገር እንዳለው ግን እገምታለሁ። በዚህ ሕግ መሠረት ልጄን ማዳን የምትችለው እናቷ ብቻ ነበረች። ስለዚህ እናቷን ፍለጋ ወደ ሳሎን ሄድኩ።

ሴትዮዋን እንዴት እንደምሰድባት መንገድ ላይ እያዘጋጀሁ ነበር የሄድኩት። እሷ ግን ገና በሩን ስከፍት፣ "ነይ እቴ፣ ተቀመጪ፤ ይህን ያህል ትቆያለሽ ብዬ አላሰብኩም" አለችኝ። ልጄ ቁርጥ እኔን ትመስላለች አለች። ከዚያም ልጄ ለእሷ የነገረቻትን፣ ለእኔ ያልነገረችኝን ነገር ነገረችኝ።

አንድ ቀን ልጄ አርፍዳ በሩ ተዘጋባት። በዚያ ጠዋት የኬሚስትሪ መምህሩ አዲስ ምዕራፍ ጀመሩ። በማግስቱ ትምህርቱን የከፈቱት "ባለፈው ክፍለ ጊዜ እንደተመለከትነው" ብለው ነው። ልጄ አልተመለከተችም። እጇን አውጥታ አልገባኝም ስትል፣ "የት ነበርሽ?" አሏት፤ ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ የኬሚስትሪን ሰዓት ሽንት ቤት ውስጥ፣ ቀጥሎ ጠዋቱን በሙሉ ሳሎን ውስጥ ማሳለፍ ጀመረች፤ በቀረች ቁጥር ያልተመለከተችው እየበዛ፣ ያልተመለከተችው በበዛ ቁጥር መመለስ እያፈረች።

ክቡር ሆይ፣ ስለ መቅረት ጉዳት በድምጽ ማጉያ የሚናገሩትን ሁሉ አምናለሁ፤ ስለ ራሴ የምጽፈውም ይህን ብቻ ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የለመድኩት ልናጣብቃቸው ከሚመጡት ወረቀቶች ነው፤ ሁሉም ገጽ የጎደላቸው ናቸው። በእነሱ ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ "ባለፈው ምዕራፍ እንደተመለከትነው" ይላል። ማን ነው የተመለከተው? ያለፈው ምዕራፍ የሰው ሽንኩርት ተጠቅልሎበት ሄዷል። እነዚያን የተመለከቱትን ሰዎች ዕድሜ ልኬን ስቀናባቸው ኖሬአለሁ። ልጄ ከእነሱ አንዷ ናት ብዬ በእሷም እቀና ነበር። ማታ ደብተሯን ስትከፍት አጠገቧ ሄጄ ዛሬ ምን ተማራችሁ ማለት ልማዴ ነው። ለካ በዓለም ላይ የእሷን ችግር አብጠርጥሬ የማውቅ ሰው አጠገቧ ተቀምጬ ስጠይቃት፣ እሷ የጎደለውን ገጽ ይዛ አጥር ማዶ ወዳለችው ሴት ትሮጥ ነበር።

ለምን ለእኔ አልነገረችኝም ብዬ ሴትዮዋን ጠየቅኋት። ልጄ ያለቻትን እንዳለ ደገመችልኝ፦ "እማዬ ደብተሬን የምታየው የራበው ሰው የዳቦ ቤት መስኮት እንደሚያይ ነው። አልገባኝም ብዬ እንዴት ልንገራት?"

ለዚህ የሚሆን ስድብ አላዘጋጀሁም ነበር።

አራተኛ፣ ስለ አሸኛኘትዎ። የሳሎኗ ሴትዮ "እናቷ ነኝ ማለቴ ልጅቷን ላድን ብዬ ነበር፤ አሁን እንዴት ልመልሰው?" ብላ ተጨነቀች። የመሰረዣው ቀን ደርሶ ስለነበር፣ ለመጨረሻ ጊዜ እናቷ ሆና እንድትገባ የለመንኳት እኔ ነኝ። እርስዎ ዘንድ ስትገባ እኔ ከግቢው በር ውጭ ቆምኩ። ፈረመች። እርስዎም በክብር እስከ ግቢው በር ድረስ ሸኟት፤ እኔን ሲያዩም ድምጽዎን እንኳ ሳይቀንሱ፣ "እርስዎን መስላ የመጣችው ይህች ናት፣ ይጠንቀቋት" አሏት። ሴትዮዋ ደነገጠችና "አውቃታለሁ፤ ልጄን የምታሳድግልኝ እሷ ናት" አለች። የምትለው ጠፍቷት ነው፤ አልፈርድባትም። እርስዎ ግን በርኅራኄ ወደ እኔ ዞረው፣ "እንግዲያው ጎበዝ ሠራተኛ ነሽ፣ ብቻ ልክሽን እወቂ" ብለው መከሩኝ። ምክሩን ተቀብያለሁ። ልኬን ለማወቅ አሁንም እየሞከርኩ ነው።

ልጄ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። የቀረባትን ምዕራፍ ከጓደኛዋ ደብተር ሁለታችን ተቀምጠን ገለበጥን፤ እኔ አነበብኩ፣ እሷ ጻፈች። ግማሹ አልገባኝም። አልገባኝም ስላት ግን፣ እኔም እኮ አልገባኝም አለችና ሳቀች። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልቀረችም።

አምስተኛና የመጨረሻ፣ ስለ ሽልማቱ። የልጄ አለመቅረት እርስዎን ጭምር ስላስደነቀ፣ በመጪው የወላጆች ቀን እናቷን አርአያ እናት ብለው ለመሸለም መወሰንዎን፣ ስለ አዘውትሮ መማር ጥቅምም ለተሰበሰቡት ወላጆች ንግግር እንዲያደርጉ መጋበዝዎን ሰምቻለሁ። ጥሪው የደረሰው ለሳሎኗ ሴትዮ ነው። ይዛው ወደ መጋዘኑ መጣች፤ አልቅሳ ነበር፤ ልጅ የላትም። "ውሸቱ ይበቃል፤ አልሄድም፤ አንቺ ጻፊላቸው" አለችኝ። ጥሪውን እጄ ላይ አድርጌ አየሁት፤ ወረቀቱ ጥሩ ነው፣ ወፍራም ነው፣ በወርቅ ቀለም "ለተከበሩ እናት" ይላል። ቀናሁ ብዬ ልጻፍ፣ ሌላ ቃል የለውም። ሥራ የሚያበዛ እንጂ የሚያስከብር ነገር አድርጌ ቆጥሬው የማላውቀውን ስም በወርቅ ተጽፎ ሳየው ቀናሁ።

ይህን ያህል ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር፤ ዝም የማለት ልምድ አለኝ። ነገር ግን ልጄ ጥሪውን ስታይ፣ ያን ቀን ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። አንድ ቀን መቅረት ምን እንደሚያስከትል እርስዎም እኔም እናውቃለን።

ስለዚህ እውነቱን ጽፌአለሁ። በተጭበረበረ ፊርማ ገብታለች ብለው ሊሰርዟት ሥልጣን እንዳለዎት አላጣሁትም። በእናንተ ሕግ ውስጥ ቅጣት መኖር ካለበት፣ የሚዘጋ በርም ካስፈለገ፣ በእኔ ላይ ይዝጉት፤ ከውጭ ቆሞ ማዳመጥ አይከብደኝም። እሷ ላይ አይዝጉት። ፈተናው እስኪያልፍ ድረስ እናት ነኝ ብዬ ላለመጨቅጨቅም ቃል እገባለሁ። ሰው ፊት ለሳሎኗ ሴትዮ ልጅ የማሳድግላት ሠራተኛ ተብዬ ብጠራም፣ ሥራውን በእርግጥ ስለምሠራው ብዙ ውሸት አይሆንም።

የከበረ ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ላደረጉልኝ ምርመራ፣ ለሰጡኝ ምክርና ለመረጡልኝ እናት ያለኝን የላቀ አክብሮት እገልጻለሁ።

ከሐሰተኞቹ ወላጆች መካከል እውነተኛዋ

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ ጥበቃ፤ ክንዴን ሲይዝ ቀስ ስላለልኝ
ለኬሚስትሪ መምህሩ፤ "የት ነበርሽ?" ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከላይ ስለሚገኝ
ለሳሎኑ ባለቤት፤ እንድታውቀው

ማስታወሻ፦ የወላጆች ቀን ዕለት፣ አልሄድም ያለችውን የሳሎኗን ሴትዮ አሳምኜ ሁለታችንም እንመጣለን፤ ጫማዬንም አጸዳለሁ። የትኛችን እናት እንደሆንን መለየት ካስቸገረዎ፣ ይህን ሁሉ ሲያጣሩ ያልጠየቁት ሰው አንድ ብቻ ስለሆነ ልጅቷን ይጠይቋት። ክፍሏ ውስጥ ያገኟታል።