ከመስቀል እስከ መስቀል

ንፋስ መውጫ
ጳጉሜን 2 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለህይወት፣

አሶሳ እንዴት ይዞሻል? ሙቀቱን ለምደሽው ይሆናል። እኛ ዘንድ ጉሙ ገና አልተነሳም፤ እኔ ግን ደህና ነኝ። ስልኬን ስለማታነሺ ይህንን ደብዳቤ አብራሽ ለምትሠራው ለትርሲት ሰጠኋት። እረፍቷን ጨርሳ ሰኞ ትነሳለች። ምንይችል ረቡዕ ወደ አንቺ ሊሄድ ትኬት ቆርጧል ስላሉኝ፣ ከእሱ ቀድሞ እንዲደርስሽ ብዬ ነው።

በመጨረሻው መልእክትሽ «አባባ፣ ለምንይችል የምትሸጥለት፣ ዘይት ላይ የሚጨመረው አዲቲቭ ያረጀ ሞተር ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? እውነቱን ንገረኝ» ብለሽ ነበር። እነግርሻለሁ። ማስታወሻዬን ገልጬ ስለምጽፍ ቀኑን አልሳሳትም።

መስከረም 20 ቀን ምንይችል አንቺን ለመጠየቅ ሽማግሌ ላከ። መሪጌታ ትንሣኤ ከቤተ ልሔም ደብር ድረስ መጥተው፣ እሺ ካላልክ አንቀመጥም ብለው ከደጃፉ ቆሙ። ልጁ ምን አለው አልኳቸው። አንድ ሚኒባስ አለው፣ ከዚህ እስከ አርብ ገበያ ከተማ ይመላለሳል አሉ። ያቺ የምታጨሰዋ ናት? ስል አብረዋቸው የመጡት ሳይቀሩ ሳቁ። ከዚያ እንዲህ አልኳቸው።

«እስከ መጪው መስቀል፣ ከእሁድ በቀር አንድም ቀን ሳትቆም ከሠራች መርቄ እሰጣለሁ። አንድ ቀን ከቆመች ግን ተመልሳችሁ እንዳትመጡ።»

ቀላል መሰላቸው። መሪጌታም መርቀውኝ ተቀመጡ።

እነሱ የማያውቁት አንድ ነገር ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት መካኒኩ ጥጋቡ መለዋወጫ ሱቄ መጥቶ ለዚያችው ሚኒባስ የፒስተን ቀለበት፣ ፋሻ የምንለውን፣ እንዳስመጣ አዝዞኝ ነበር። የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፣ ዘይት ትበላለች፣ ሞተሩ ወርዶ መታደስ አለበት፣ ሥራው ዐሥር ቀን ይፈጃል ብሎኛል። ሽማግሌዎቹ በሄዱ ማግሥት ምንይችል ራሱ መጥቶ ትእዛዙን ሰረዘው። ዐሥር ቀን መቆም አይችልማ።

ኅዳር 11 ቀን እንደገና መጣ። ተቀመጥ እስክለው ከባንኮኒው ማዶ ቆሞ ቆየ። ጭሱ ብሶበት ተሳፋሪው «የከፈልነው ለመኪና ነው ለማዕጠንት?» እያለ ይቀልድበት ነበር። ምን እንደሚሻለው ጠየቀኝ። አንድ ጣሳ አዲቲቭ አወጣሁለትና ጭሱን ይቀንሳል፣ ድምፁንም ያበርዳል አልኩት። እውነት ነው፣ ቀነሰም። ሞተሩን ያድነዋል አላልኩም፤ እሱም አልጠየቀኝም። አማት እንዲሆነው የሚፈልገውን ሰው እንዴት ብሎ ይጠራጠር?

ለጥያቄሽ መልሱ ይኸውልሽ። ለደህና ሞተር በጊዜው የሚቀየር ደህና ዘይት ይበቃዋል፤ የሚያስፈልገው ነገር እዚያው ዘይቱ ውስጥ አለ። ያለቀ ፋሻ ደግሞ ጣሳ ስለተገለበጠበት አይታደስም። እኔ የሸጥኩለት ዘይቱን ያወፍረዋል። የወፈረ ዘይት በተበላው ቦታ ቶሎ ስለማያልፍ ጭሱ ይጠፋል፣ ኳኳታው ይሸፈናል፣ ባለቤቱም የዳነ ይመስለዋል። ስማዳ ቆላ ቢሆን ጥቂት ባቆየው። እዚህ ግን ማለዳ በብርድ ሲነሳ እንደ ማር ይከብድና ዘይቱ ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ብረት ብረትን ይበላል። ይህንን ከሃያ ዓመት በፊት ጀምሮ አውቀዋለሁ። እዚህ ለማንም አልሸጠውም፣ መኪና ሊሸጡ ለተነሱ ሰዎች ካልሆነ በቀር።

እናትሽ በጥር ነገሩን ደረሰችበት። ለልጁ ንገረው አለችኝ። ሲጠይቀኝ እነግረዋለሁ አልኳት። በማግሥቱ እህቴ ታማለች ብላ እስቴ ወረደች። እህቷ ከዳነች ቆይታለች።

ነሐሴ 24 ቀን አርብ ነበር። የገበያ ጭነት ይከብዳል ብሎ በዚያ ብርድ ሁለት ጣሳ ጨምሮ አስነሳት። ከከተማው ሳትወጣ ሞተሯ ነክሶ፣ ብረቱ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ቆመች። ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ሄደ። እኔም ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። ለመስቀል ሃያ ዘጠኝ ቀን ነበር የቀረው። ምንይችል ጎማው አጠገብ ተቀምጦ የዘይት መለኪያውን ዘንግ በእጁ ይዞ ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎ ፒካፕዎ ላይ ይጨምራሉ?» አለኝ።

«አልጨምርም።»

«ያረጀ አይደል?»

«ያረጀ ነው። እኔ ግን ፋሻውን በጊዜው አስቀይሬዋለሁ።»

ዘንጉን በሱሪው ጠርጎ፣ ሞተሩ ይሠራ ይመስል፣ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው መለሰው።

ሚኒባሷን በሦስተኛው ቀን ለእኔው ሸጠልኝ፤ ሌላ ገዢ አልነበረውም። ማርሹ ደህና ነው፣ በሮቹም ይሸጣሉ። መሪጌታ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሰላምታዬን ይቀበሉና ፊታቸውን ያዞራሉ። ይሁን። የምታጨስ መኪና ይዞ ልጄን ለሚጠይቅ ሰው አልሰጥም ብዬ ፊት ለፊት ብናገር ኖሮ ክፉ እባል ነበር። አሁን ቃሌን ያላፈረስኩ ሰው ነኝ።

ምንይችል ሲደርስ ይህንን ሁሉ ይነግርሽ ይሆናል። ዋሽቷል አልልሽም። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፤ ጥጋቡ ሞተሯን አውርድ ሲለው ለምን አላወረደም? ለአንቺ ብዬ ነው ይልሻል። እሱም እውነት ነው።

አዲሱን ዓመት የጤና ያድርግልሽ። ያሳደገሽ አምላክ ከክፉ ይጠብቅሽ፤ በሄድሽበት ሰው አይጥፋብሽ። ለበዓል ብትመጪ ቤቱ ባዶ ነው፣ እንደ ልብሽ ትሆኛለሽ።

አባትሽ
አላምረው

ይህንን ከፈረምኩ በኋላ ነው የምጨምረው። ሚኒባሷን ሳስፈታ ከሹፌሩ መስታወት ላይ ያንጠለጠለውን ፎቶሽን ፈለግሁት። ወንበሮቹን አስነቅዬ ከሥራቸው አየሁ፤ የለም። ይዞት ሄዷል። ከሱቄ ግድግዳ አንስተሽ የሰጠሽው ነበር። ሌላ የለኝም። ሲመጣ ተቀብለሽ ላኪልኝ።