በእናቴ ድምፅ ስለሚደውለው የሙከራ ክፍል

ለክቡር አቶ ሮልፍ ሃውገን፣ የክሊኒካችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? በሐይቁ ዳር ጎጆዎ የያዙት የሐምሌ ዕረፍት እንደተስማማዎት፣ ዓሣውም ብዙ ሳያስለምን መንጠቆዎን እንደሚጎርስልዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አይሊ ፔልቶ እባላለሁ፤ በመቀበያው መስኮት ትሠራ የነበረችው የሬይና ፔልቶ ልጅ ነኝ። ሰው ፊት ቆሜ መናገር ስለማልችል፣ ትምህርቴንም ብዙ ስላልገፋሁበት፣ በከተማችን ጋዜጣ በኩል ስጽፍልዎ ለድፍረቴም ለአጻጻፌም ይቅርታዎን እለምናለሁ።

በቅድሚያ ማመስገን ይገባኛል። ቀጠሮ የሚይዙትንና ለበሽተኛ ስልክ የሚደውሉትን ሰርቨሮች እንዳሉ ገልብጣችሁ፣ አዲስ ነገር በእውነተኛዎቹ ላይ ከመሞከራችሁ በፊት የምትሞክሩበት ክፍል በምድር ቤቱ ማቋቋማችሁ አስተዋይነት ነው። ክፍሉ ከውጭው ዓለም ፈጽሞ የተነጠለ መሆኑንም በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ አንብበናል። በየቀኑ ስለሚደውልልን ግን ብቸኝነቱ የከበደው መስሎናል። ስለዚህ ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

አንደኛ፣ የገለበጣችሁት ካለፈው የበረዶ ወራት የተቀመጠውን ነው፤ የክፍሉንም ቀን ወደዚያው መልሳችኋል። ያኔ እናቴ በሕይወት ነበረች፤ የቀጠሮ ማስታወሻውም የሚነገረው በእሷ ድምፅ ነበር። “ሰላም፣ ከክሊኒኩ ነው። ነገ ቀጠሮ አለዎት። ለማረጋገጥ አንድ ቁጥርን ይጫኑ። መንገዱ በረዶ ከሆነ ቀስ ብለው ይንዱ።” የመጨረሻውን ማንም አልጻፈላትም፤ ከራሷ ነው የጨመረችው። በሚያዝያ ስትሞት በእውነተኛው ሰርቨር ላይ የእሷን ድምፅ ሰርዛችሁ የሌላ ሴት ድምፅ ተክታችኋል፤ የቀብሯ አበባ ሳይጠወልግ ስለተጋችሁ አመሰግናለሁ። ቅጂው ግን መርዶውን አልሰማም። አሁን በዚህ ሙቀት፣ ትንኝ መስኮቱን ሞልቶት፣ እናቴ ስለ በረዶ ታስጠነቅቀናለች።

ሁለተኛ፣ ቅጂው የሚጠራው በሕይወት ያሉትን ብቻ አይደለም። ባሏን በግንቦት የቀበረችው ወይዘሮ ኦያላ ስልኩን አንስታ የባሏን ቀጠሮ ብትሰማ፣ “ሬይና፣ የኔ ቆንጆ፣ እሱስ እዚያው አንቺ ዘንድ አይደል እንዴ? ራስሽ ንገሪው” አለች። ሱቅ ውስጥ ስታወራው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከዚያ እኔ ዳቦ ይዤ ወረፋ ላይ መቆሜን አዩና ዝም አሉ። ያንን ዝምታ ይዤ ነው ወደ ቤት የገባሁት።

ሦስተኛ፣ ወደ እኛ ቤት የሚደወለው የራሷ የእናቴ ቀጠሮ ነው። ያኔ በረዶው መንገድ ዘግቶ ሐኪሙ የሚያየው ሰው ሲቀነስ፣ “የኔ ይቆያል” ብላ ተራዋን ለሌላ ሰጠች። በኋላ ስትታይ በሽታው ሥር ሰዶ ነበር። ክፍላችሁ ደግሞ ሙከራውን ከመጀመሪያው ለመጀመር በየጠዋቱ ወደዚያችው ዕለት ይመለሳል አሉ። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ይጮኻል፤ እናቴም ነገ ቀጠሮ እንዳላት ለእኛው ትነግረናለች። በማግስቱም ነገ ትለናለች። በእናንተ ምድር ቤት ነገ አይመጣም።

አባቴ አንድ ቁጥርን ይጫናል። ተው ስለው፣ “ዝም በይ አይሊ፣ አሁን ካረጋገጥኩላት ትሄዳለች” አለኝ። ሲደወል እንዳያመልጠው ብሎ ወደ እንጨት መሰንጠቂያው መሄድ ትቷል። አለቃው ዱዌይን እኛ ቤት ድረስ መጥቶ አባቴን፣ “ዌይን፣ ወንድሜ፣ እኔም እወዳት ነበር። መጋዙ ግን ሰው ይፈልጋል። ከሰኞ ወዲያ ቦታህን ልይዝልህ አልችልም” አለው። አባቴ የመለሰለት፣ “ድምፅህን ቀንስ፣ ስልኩ አይሰማም” ብሎ ነው።

አራተኛ፣ አክስቴ ቨርና ወደ መስኮታችሁ ሄዳ ነበር፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ ጫማዬን አያለሁ። ባለሙያችሁ ኩርቲስ በትሕትና፣ “የሙከራ ክፍሉ እኮ ዝግ ነው” አላት።

“ዝግ ከሆነ ቤታችን ድረስ ማን ነው የሚደውለው?”

“አንድ ገመድ ነው። ማሻሻያ ለማውረድ ለጊዜው ሰክተነው ነበር።”

“እና ንቀለዋ፣ የኔ ልጅ።”

“ያለ አቶ ሃውገን ትእዛዝ አልችልም። እሳቸው ደግሞ ዕረፍት ላይ ናቸው።”

የሚነቀል ገመድ በሥርዓት እንጂ በችኮላ እንደማይነቀል ስላስተማራችሁን አክስቴም እኔም እናመሰግናለን። በጎጆዎ ስልክ ካለ፣ ሰኞ ሳይደርስ ለኩርቲስ አንዲት ቃል ይሉት ዘንድ እማጸናለሁ። የሚደውልልዎ ሰው በሕይወት ያለ እንዲሆንም እመኝልዎታለሁ።

የክፍልዎ ሰላም ሳይደፈርስ በሩም ገመዱም ተዘግቶ እንዲኖር የምትመኝ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር ጎንበስ ብላ የምትሰናበትዎ፣

አይሊ ፔልቶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትእዛዝዎ ሲመጣ ቅጂው በሙሉ እንደሚደመሰስ ኩርቲስ ነግሮናል። የእናቴ ድምፅ ከዚያ በቀር የትም የለም፤ እቤት አልቀዳናትም፣ እዚሁ የነበረችን ሰው ለምን ብለን እንቀዳታለን? ማንንም ሳታስፈቅዱ ከተማውን ከነሙታኑ የገለበጣችሁ ሰዎች፣ ከመደምሰሳችሁ በፊት ለልጇ አንድ መገልበጥ ያቅታችኋል ብዬ አላምንም። አባቴ ጋዜጣ አያነብም፤ ቅጂው እኔ ዘንድ እንዳለ እናንተም እንዳትነግሩት።