«ሄላ ሆፕ» ማንን ይጠራል?

ሰኔ 2፣ ጠዋት 4 ሰ.
በገመድ የምንጎትተው የድልድይ ብረት ዛሬም ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ማስታወሻዬ፣ ተናድጃለሁ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብዬ እቆጥራለሁ፤ ግማሹ ሰው «ሦስት» ስል ይስባል፣ ግማሹ ብዬ እስክጨርስ ይጠብቃል። ዕድሜዬን መንገድና ድልድይ ስሠራ ኖሬ ገመድ ማሳብ አቃተኝ! የአንዱ መዳፍ ተላጠ።
ይህ የእግረኛ ድልድይ ክረምቱ ሳይገባ ካላለቀ፣ የማዶ ሰው ጤና ጣቢያ አይደርስም። አምና አንዲት ወላድ በቃሬዛ አምጥተው፣ ወንዙ ሞልቶ መልሰዋታል። ዘንድሮ ማዶ ያለችው እህቴ አልማዝ ናት። የመውለጃ ወሯ ሐምሌ ነው።

ሰኔ 3፣ ከ/ሰዓት
ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ሳይጠራ መጣ። ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበር፤ ከተመለሰ ወዲህ ሞላሌ ከተማ ጠላ ቤት ተቀምጦ ስለ ባሕር ያወራል። ገመዱ ጫፍ ላይ ቆሞ «ሄላ... ሆፕ!» አለ። ብረቱ አንድ ክንድ ሄደ። ደገመው። ሌላ ክንድ።
ደስ ሊለኝ ሲል የደብራችን ቄስ አባ ወልደ ሥላሴ መቋሚያቸውን አነሡ። ማንን ነው የምትጠሩት? በጾም፣ ትርጉሙን በማናውቀው ስም አንጎትትም አሉ። አንዱ ቀልደኛ «የባሕር ዛር ነው፤ ነገ ጥቁር በግ አምጡ ይለናል!» አለ። ተሳቀ። ገመዱን መልሶ የጨበጠ ግን የለም።
ደምሴ በዓረብኛ «እግዜር ይርዳን» ማለት ነው አላቸው። ወዲያው ከመሃል አንዱ፦ «የዛሬ ሳምንት ገበያ ላይ የመርከቤ ስም ነው አላልከንም?» አለው። አለቀ። ሁሉም ወደየቤቱ።

ሰኔ 4፣ ጠዋት
ደምሴ ቤት ሄድኩ።
«አያ፣ እውነቱን ንገረኝ።»
«ምን አውቅልሃለሁ? ሲጮኹ አገኘሁ፣ ጮህኩ።»
«ታዲያ ለምን ዋሸህ?»
«መርከበኛ ሰው እንዴት አላውቅም ይላል?»
ልጮህበት ነበር። አጠቃቀሙን ግን ጥንቅቅ አድርጎ ያውቃል። «ሄላ» ሲረዝም ትጨብጣለህ፣ እግርህን ትተክላለህ፤ «ሆፕ» ሲባል ሁሉም ክብደቱን ይጥላል። የእኔ ቁጥር መዘጋጃ የለውም። ጉድለቱ እዚያ ላይ ነው።

ያው ቀን፣ ከ/ሰዓት
አባ ዘንድ። የቃሉን ትርጉም የሚያውቅ የለም አልኳቸው። ትርጉም የሌለው ጩኸት ከማን ነው? አሉኝ። እርስዎ አህያዎን «ቼ» ሲሉ ማንን እየጠሩ ነው? አልኳቸው። ጉልበቴን በመቋሚያው መታ አደረጉኝ፤ «አንተ ነገረኛ!»
ተስማሙ። አንድ ነገር ግን ጠየቁ፦ የሚጮኸው ሰው አስቀድሞ በሕዝቡ ፊት «ትርጉሙን አላውቅም፤ ማንንም አልጠራም» ይበል።
ለደምሴ ነገርኩት። ሞቼ ነው! አለ።

ሰኔ 5፣ ማታ 12 ሰ.
ሰማዩ ጠቁሯል። አልማዝ ደወለች፤ እግሯ አብጧል። አዋላጇ በየሳምንቱ ነይ ብላታለች። በየት በኩል?
ወሰንኩ። ነገ የምጮኸው እኔ ነኝ። አብሮኝ ለሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን «አላውቅም» ብዬ አላውቅም፤ ነገ በሀገሩ ሁሉ ፊት እላለሁ። ደምሴ ሲሰማ፣ በዚህ ድምፅህ ፍየል እንኳ አትመልስም ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ገመዱ ላይ ግን የፊተኛውን ቦታ ይይዛል። እምቢ ካለ፣ አልማዝ የእሱም እህት መሆኗን እዚያው እነግረዋለሁ።
አሁን ከቤቱ ጀርባ ልለማመድ መውጣቴ ነው። «ሄላ»ን ምን ያህል ላስረዝመው?
የመጨረሻው ሰው እስኪጨብጥ።