መርዶ የመሰለው ሩጫዬ

ማክሰኞ፣ ጥር 5። ጠዋት 12 ሰዓት

የልጄ ሱሪ ከአባያዬ ሥር ጠበበኝ። ባሌ ሰዒድ ሚኒባሱን እያሞቀ ያየኛል። አይስቅም፤ አለመሳቁ ነው የሚያናድደኝ። መንገድሽ ኮምቦልቻ ከሆነ የፊት ወንበር ባዶ ነው ይለኛል። የደሴ–ኮምቦልቻ መስመር ሹፌር እኮ ነው፤ ሰው በእግሩ ሲወርድ ማየት ለሱ ኪሳራ ነው።

ሁሉንም ያመጣው አፌ ነው፣ ማስታወሻዬ። ዓርብ ዕለት ቅሬያችን ተሰበሰበ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀባበርበት ማኅበራችን። የሰፈሩ ወጣቶች ለሆስፒታላችን የኩላሊት ማጠቢያ ማሽን መግዣ ለየካቲት 1 ሩጫ አዘጋጅተዋል፣ ግማሽ ማራቶን፣ ከደሴ ኮምቦልቻ። ጎረቤቴ ወርቄ እዚህ ተራው ሞልቶባት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተቀምጣ ነው የምትታጠበው። ልጇ ቤዛ እኔ ጋ ናት። ማሽን ከተጨመረ ወርቄ ቤቷ ትገባለች። ነገሩ ይኸው ነው።

ሐጂ ይማም፣ የቅሬው ዳኛ፣ እኔም ለሱቄ ጨርቅ የምረከባቸው ጅምላ ነጋዴ፣ እናንተ ሴቶች ከእልልታ ሌላ ምን ታዋጣላችሁ ብለው ቀለዱ። እኔ ደግሞ ዝም አልል ነገር፣ ወላሂ ሮጬ ኮምቦልቻ እገባለሁ! አልኩ። እሳቸውም፣ ዘይነብ፣ አንቺ በእግርሽ ኮምቦልቻ ከገባሽ ከማሽኑ ዋጋ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ይኼኔ እማማ ዘሐራ፣ በዕድሜ የሁላችን እናት፣ እጃቸውን ዘርግተው «አሚን በሉ!» አሉ።

አሚን ተባለ። ሳቁ ጸጥ። እኔም ደነገጥኩ፣ ሐጂም ደነገጡ። እኛ ዘንድ ወላሂ የተባለበት፣ አሚን የታሰረበት ነገር ቀልድ ሆኖ አይቀርም።

በይ ለመጀመሪያው ልምምድ ልውጣ። ቢስሚላህ።

በዚያው ቀን፣ 6 ሰዓት

ሱብሃነላህ፣ ምን ዓይነት ቀን ነው!

ከሰፈራችን ከሆጤ ወደ ፒያሳ ሮጥኩ። መቶ እርምጃ ሳልሞላ ሒጃቤ ተንሸራተተ። እጄን ጭንቅላቴ ላይ ጭኜ ያዝኩት። በዚሁ ጉድ ሆንኩ! ያደገች ሴት፣ በጠዋት፣ እጇን በራሷ ላይ ጭና ስትሮጥ ደሴ ምን ትላለች? ዳቦ ሻጯ ዳቦዋን ትታ ብድግ። ማን ሞተ? ልመልስ እላለሁ፣ ትንፋሽ የለም። እጄን ሳወዛውዝላት ደረቷን መታች። ከኋላዬ የእግር ኮቴ ይሰማኛል፤ የሚያበረቱኝ መስሎኝ ደስ አለኝ እኮ! ጨመርኩ። እነሱም ጨመሩ።

ዞሬ ስመለስ ወርቄ በር ላይ ድንኳን ይተከላል። ዘይነብ እንደዚያ የምትሆነው ለሌላ ለማን ነው ብለው ራሳቸው መርዶውን ጨረሱት። እማማ ዘሐራ መሬት ላይ። ሐጂ ይማም አጥር ተደግፈው፣ ፊታቸው አመድ። ቤዛን ከት/ቤት መንገድ መልሰዋታል። አታለቅስም። ደብተሯን አቅፋ ቆማ ታየኛለች። ያን ዓይን አልረሳውም።

አልሞተችም! ስፖርት ነው! ብዬ ጮህኩ። ማን ይመነኝ። ደወልኩ፣ ድምፁን ለሁሉም ከፈትኩት። ወርቄ አነሳች። የራሷን ለቅሶ በስልክ ሰማች። ነገሩን ስነግራት፣ ማን ነው አብልጦ ያለቀሰው? አለችኝ። ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። ቤዛ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ተውኩት። ጫማውን አልጋ ሥር ወረወርኩት። ልጅን በቁሟ የእናቷን መርዶ አርድቼ ሩጫ? አስተግፊሩላህ። ቤዛ ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ቅሬው ጠራኝ። ቅጣት ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ አንሾካሾኩ። ሐጂ ይማም ፈረዱ፤ ድምፃቸው ግን እንደወትሮው አይደለም፣ ቀስ ያለ ነው። ፍርዱ፦ ከእንግዲህ ከመሮጤ በፊት የቅሬው ጥሩምባ ነፊ አያ ሙሄ በየመንገዱ ቀድሞ ይለፍፋል። እኔም እጄን ከራሴ ላይ አንሥቼ ሒጃቤን በመርፌ ቁልፍ እይዛለሁ። እኔ ልተው አልኩ እንጂ! አልኳቸው። ሊሰሙኝ ነው? አሚን ተብሏል።

ማታ ቤዛ ጫማውን ከአልጋ ሥር አውጥታ በሩ ላይ አስቀመጠችው። እትዬ፣ አንቺ ካልሮጥሽ እናቴ በምን ትመጣለች? አለችኝ። ክሩን አሰርኩት።

እሑድ፣ ጥር 17

ሁለት ድንጋጤ። አንደኛው፣ ግማሽ ሲሉ ትንሽ መስሎኝ ነበር። ሃያ አንድ ኪ.ሜ.! ቤዛ ናት የነገረችኝ። የማን ግማሽ ነው ይኼ፣ የአላህ ያለህ!

ሁለተኛው ቁልቁለቱ። ዳገቱ ከሚያልቅበት ከሐረጎ በታች ምሕረት ነው ብዬ ነበር። ጉልበት የሚበላው ቁልቁለት ነው ለካ! ጥፍሬ ጠቆረ። ደረጃ የምወርደው ዞሬ፣ በጀርባዬ ነው። ደንበኞቼ ወደ ሱቄ የሚመጡት ለጨርቅ መሆኑ ቀርቷል፤ አረማመዴን ሊያዩ ነው።

ግን ልንገርሽ? ጠዋት አያ ሙሄ፣ ዕድሜ ልኩን ሞት ሲለፍፍ የኖረ ሰው፣ ጥሩምባውን ነፍቶ «ሰው አልሞተም! ደኅና ነን! ዘይነብ ናት!» ሲል ሰው በየበሩ ይወጣል። አልሃምዱሊላህ ይላል። እኔ እየሮጥኩ፣ እያነከስኩ፣ ደስ ይለኛል። ሞት ያልመጣበት ጠዋት መሆኑን የምትናገር ሴት ሆንኩ። ማን ያውቃል እንደዚህ እንደሚያምር!

እሑድ፣ የካቲት 1። ንጋት

ፈጅር ሰግጃለሁ። ሰዒድ ሥራ አለኝ ብሎ በጨለማ ወጣ። ዛሬ እንኳ! ቅር አለኝ። ቤዛ አውራ ጣቴን በፋሻ ጠቀለለችልኝ።

ማታ

በወንበር ላይ ነኝ። እግሬን አላውቀውም፣ የጎረቤት እግር ይመስላል።

እስከ ሐረጎ ከሰው ጋር ነበርኩ። ከዚያ ልጆቹ ቀድመውኝ ጠፉ፣ አዛውንቶቹም ቀድመውኝ ጠፉ። ብቻዬን ከቁልቁለቱ ጋር። ሩጫውን ትቼ መራመድ ጀመርኩ። ከኋላዬ መኪና ይንፏቀቃል፣ ደክሞ የቀረውን ሯጭ የሚሰበስበው ነው። ዞር ስል የማን ይመስልሻል? የሰዒድ! ለካ ሥራ አለኝ ያለው ይኼን ነው። ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው!» ይለኛል፣ የተረገመ። መርገጫውን አየሁት። ወላሂ አንድ እግሬን አነሣሁ። ቤዛ በዓይኔ መጣች። ሰዒድ በመስታወቱ አየኝ። ከዚያ ረዳቱን፣ ዝጋው፣ ይህቺ አትሳፈርም አለው። ዕድሜውን በሙሉ እንዲህ ያለ የፍቅር ቃል ተናግሮኝ አያውቅም።

ኮምቦልቻ ስገባ ሁሉ አልቋል። የማለቂያው መስመር ጨርቅ ታጥፏል፣ ወንበር ኢሱዙ ላይ ይጫናል። አንድ ወንበር ብቻ ቀርቷል፣ ሐጂ ይማም ተቀምጠውበታል፣ አልነሣም ብለው። ፊታቸው ስደርስ ተነሥተው አስቀመጡኝ። ገብቻለሁ፣ ሐጂ፣ ቃልዎን አልኳቸው።

ጎንበስ አሉ። የለቅሶው ዕለት፣ ወርቄ ሞተች ሲባል፣ በነፍሷ ላይ ቀልጄ የሴት ጉልበት ኮምቦልቻ እስኪደርስ ሳስጠብቃት ሞተች ብዬ ነበር፤ በነጋታው ሄጄ የጎደለውን ከፍዬ ጨርሻለሁ አሉኝ።

በነጋታው! ገና እኔ ጫማ አልጋ ሥር ስወረውር! ጥፍሬስ? ጉልበቴስ? ለምን አልነገሩኝም ብዬ ጮህኩባቸው፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሐጂን የሚያህል ሰው። ሳቁ። የኔ መሐላ ስለተከፈለ ያንቺ ይወርድልሻል እንዴ? አሉ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። ለማንም እንዳትነግሪ፣ ለወርቄም። ሰደቃ ነው፣ በስውር የሚሰጥ ምጽዋት። ሴት በእግሯ አስገድዳ አስከፈለቻቸው ይበሉኝ፣ እሱ ይሻለኛል አሉ።

እኔን! አትናገሪ! ከሮጥኩት ሁሉ የሚከብደው ገና አሁን መጣ።

ሰኞ፣ የካቲት 2። ማታ 3 ሰዓት

ሰፈሩ በሳቅ ተሞልቷል። ዘይነብ ሐጂን በጉልበቷ አስከፈለቻቸው ይላሉ። ገበያው ላይ ሲያልፉ ሰው ይቀልድባቸዋል፣ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ የተሸነፈ ይመስላሉ። ምላሴ ያቃጥለኛል። ሁለት ጊዜ ልናገር አፌን ከፍቼ በሳል መለስኩት።

የወርቄ ስም ለአዲሱ ማሽን ተራ ተያዘ። ሲተከል ትመጣለች። ቤዛ ከአሁኑ የእናቷን ክፍል ጠረገች።

ወርቄ ጠዋት ደውላ አለቀሰች፣ እግርሽ ነው ቤቴ የሚያስገባኝ አለችኝ። ላላደረግኩት ነገር ምስጋና መቀበል እንዲህ ይከብዳል? ግን ወሰንኩ። አልነግራትም። የሳቸው ሰደቃ የሳቸው ነው። እኔ ያደረግኩት መሮጥ ነው፣ እሱን በሙሉ አፌ አወራለሁ፤ ስለ ቀሪው…

ስልኩ ጠራ። ወርቄ ናት፣ ደግማ። አነሣለሁ። ስለ ቁልቁለቱ እነግራታለሁ፣ ስለ ሰዒድ፣ ስለ ጥፍሬ፣ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልተነፍስም፣ ኢንሻላህ።