የተከበሩ ሆይ፣ እኛ የጸለይነው ጦርነቱ እንዳይጀመር ነበር

ለተከበሩ የሕዝብ ተወካያችን
ባሉበት

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ደህንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ የጎሮ መራጮችዎ የጦርነት ወሬ ሳንሰማ ውለን ባናድርም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስሜ የሺመቤት ይባላል፤ ሲኤምሲ በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ደብዳቤዬን በአደባባይ ማውጣቴ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ፤ በታሸገ ፖስታ ለቢሮዎ ያስገባነው ሁሉ እንደታሸገ መቀመጡን ስላየሁ፣ ክፍቱ ይሻላል ብዬ ነው።

ያስታውሱን እንደሆነ፣ ባለፈው ወር ኦሎምፒያ ወዳለው ቢሮዎ የመጣነው እኔ፣ ጎረቤቴ ጋሽ ኤርሳዶና በሰፈራችን የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጠው አብዱልናስር ነን። እኔ ኦርቶዶክስ፣ ጋሽ ኤርሳዶ ጴንጤ፣ አብዱልናስር ሙስሊም ስንሆን፣ ያገናኘን እድራችን ነው። በፊተኛው ጦርነት ያለቁ ልጆቻችንን በአንድ ድንኳን ተቀምጠን አልቅሰናል። የጋሽ ኤርሳዶ የበኩር ልጅ ከእነዚያ አንዱ ነበር፤ አስከሬኑ አልመጣም፣ የመጣው መርዶው ብቻ ነው።

ድንበር ላይ እንደገና ጦር ሲከማች፣ ምክር ቤቱም ዘመቻውን ሊያጸድቅ እንደሆነ ሲነገር፣ የእድራችን ሰው በየእምነቱ እየጸለየ ቅዳሜ ቅዳሜ መሰብሰብ ጀመረ። አንድ ቀን ጋሽ ኤርሳዶ ብድግ አሉና «ለፈጣሪ ነግረናል፤ እስቲ ደግሞ ለመረጥነው ሰው እንንገር» አሉ። ወደ እርስዎ ያመጣን ይህ ነው። የለመንነውም አንድ ነገር ነበር፤ ድምፅ ከመስጠትዎ በፊት ተነስተው «ለሽምግልና ጊዜ ይሰጥ» እንዲሉልን።

ስለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናችንን በቁጥር ማቅረብ ግድ ይለኛል።

፩ኛ፦ ትዕግሥት ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ጸሐፊዎ «ክቡርነታቸው አስቸኳይ ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትለን በደስታ ጠበቅን። ስብሰባው ከሕንፃው ሥር ባለው ካፌ መሆኑን ያወቅነው በመስታወቱ አሻግረን ከማኪያቶዎ ጋር ሲመክሩ ስናይዎ ነው። የአገር ጉዳይ ከባድ ስለሆነ ኬክም እንደተጨመረበት ተረድተናል።

፪ኛ፦ ስላዳመጡን እናመሰግናለን። ጋሽ ኤርሳዶ ስለ ሟች ልጃቸው ሲነግሩዎት ስልክዎን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያዩት። «አንድ ልጅ ቀርቶኛል፤ ኢዩኤል ይባላል። ጓደኞቹ እንመዝገብ እያሉ ሲጎተጉቱት፣ እኔ ሳልፈቅድ እንዳይሄድ ቃል አስገብቼዋለሁ» ሲሉዎት፣ እርስዎ በሐዘኔታ ራስዎን ነቅንቀው «ጀግና አባት!» አሉ። ከየትኛው ዓረፍተ ነገር እንዳወጡት ባይገባንም፣ ውዳሴውን ተቀብለናል።

፫ኛ፦ ለጸሎት ስላለዎት ፍቅር እናመሰግናለን። «እኔም እንደ እናንተ አማኝ ነኝ፤ እስቲ ቆመን እንጸልይ» ብለው ሲነሱ፣ ልባችን ተነካ። ጋሽ ኤርሳዶ ዓይናቸውን ጨፍነው «ጌታ ሆይ፣ ይህን ነገር ሳይጀመር አስቁምልን» አሉ። አብዱልናስር እጆቹን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ። እኔም አማተብኩ። ዓይናችንን ስንገልጥ ካሜራ የያዘ ሰው ፊታችን ቆሟል። በማግስቱ ፌስቡክ ገጽዎ ላይ ፎቷችን ወጣ፤ ከሥሩም «የሦስት እምነት ተወካዮች ለዘመቻው ስኬት ጸለዩ» ተብሎ ተጽፏል። ሰላም ለመለመን ሄደን ጦርነት መርቀን መመለሳችንን ያወቅነው ከእርስዎ ገጽ ነው። ስለ ራሳችን ላሳወቁን እጅ እንነሳለን።

፬ኛ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ሰረዝኩት። ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ማመስገን አልሆነልኝም።

ኢዩኤል ፎቶውን አየው። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ የኮሌጅ ተማሪ ነው፤ ኳስ ሲያይ ጩኸቱ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። ጋሽ ኤርሳዶ ከሥራ ሲመለሱ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ሳሎን ጠበቃቸው። «አባዬ፣ አንተ እዚያ ሄደህ ከመረቅከው እኔን ምን አስቀረኝ? ጠዋት ተመዝግቤአለሁ» አላቸው።

«ልጄ፣ እኔ የጸለይኩት እንዳይጀመር ነው» አሉት።

«ታዲያ ይሄ ምንድነው?» ብሎ ስልኩን አሳያቸው።

ጋሽ ኤርሳዶ ያን ቀን እኔን ከቤቴ ጠርተውኝ ለኢዩኤል መሰከርኩ። አብዱልናስርም መጥቶ በአላህ ስም ማለለት። ልጁ አመነን፤ አንገቱን አቀርቅሮ ሰማን። ነገር ግን ስሙ ተይዟል፣ ጓደኞቹም እየጠበቁት ነው፤ «አሁን ብቀር ምን ይሉኛል?» አለ። አባቱ እስከ በር ሸኙት። በሩን ከዘጉ በኋላ እጀታውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ፤ እኔ ነኝ ጣታቸውን አላቅቄ ያስቀመጥኳቸው። በሳምንቱ ማሠልጠኛው ድረስ ሄደው ነበር፤ ከበር መልሰዋቸዋል።

አብዱልናስር ጽሑፉ እንዲታረም ለመጠየቅ ቢሮዎ ደወለ። የተሰጠውን መልስ ቃል በቃል አስቀምጣለሁ፦ «ፎቶው እኮ በጣም ቆንጆ ነው የወጣው፤ ምን አስከፋችሁ?»

ምንም አላስከፋንም፣ የተከበሩ። እንዲያውም ከአንድ ሰፈር ሦስት እምነት ይዘን መጥተን የረበሽንዎ እኛ ነን። ቢሆንም ልመናችን አልተለወጠም። ሐሙስ ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ይናገሩልን። አንድ ሰው ተነስቶ «ሽማግሌ ይግባበት» ቢል ሰማይ አይደፋም፤ ምናልባትም ኢዩኤል ወደ ትምህርቱ፣ የሌላኛው ወገን ኢዩኤሎችም ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ካልቻሉ ድምፅዎን ይንፈጉ። ያም ከከበደዎ ከፎቷችን ሥር ያለውን ጽሑፍ ብቻ ያጥፉ። እኛ ግን ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ ከምክር ቤቱ በር ማዶ ቆመን፣ እያንዳንዳችን እንደየእምነታችን እንጸልያለን። ጋሽ ኤርሳዶም ይመጣሉ። «አሁንስ ጮክ ብዬ ነው የምጸልየው፣ ማንም ሌላ ትርጉም እንዳይሰጠው» ብለዋል።

ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ማይክሮፎንዎ እንዳይቋረጥ፣ ሌሎች ልጆቻቸውን ሲልኩ የእርስዎ ቤት ምንጊዜም ሙሉ እንዲሆን ከልብ የምትመኝ፣

ድምፅዋን ሰጥታዎት ዝም ማለት ያቃታት መራጭዎ፣
የሺመቤት፣ ከጎሮ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ቅዳሜ አንዲት እናት ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ወደ እድራችን ጸሎት መጡና ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ስማቸውን ብንጠይቅ የእርስዎ ወላጅ እናት ሆነው ተገኙ። ሐሙስ ከእኛ ጋር እንደሚቆሙ ነግረውናል። «ልጅዎ አይቀየምዎትም ወይ?» ብንላቸው፣ «በቴሌቪዥን ስለ ጀግንነት ሲያወራ ሰማሁት፤ ዶሮ በታረደ ቁጥር አልጋ ሥር የሚገባውን ልጅ እኔ ነኝ ጎትቼ የማወጣው፤ የምን መቀየም ነው?» አሉን።