ባለአራት አዝራሩ ማውስ እና የደረጃ ጠባቂው

ለተከበሩ የመዝገብ ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? በተለይ አሥሩም ጣቶችዎ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ለደረሰብኝ ነገር ተጠያቂው እርስዎ ነዎት፤ ይህን ከላይ የጻፍኩት ጊዜዎ ውድ ስለሆነ፣ እስከ ታች ሳያነቡ ሊተዉት ስለሚችሉ ነው።

እኔ ምድር ቤት ቁጭ ብዬ የድሮ የልደት መዝገቦችን ወደ ኮምፒውተር የምገለብጠው አሮጊት ነኝ። በወጣትነቴ ማተሚያ ቤት ስሠራ የወረቀት መቁረጫው ከቀኝ እጄ ሦስት ጣት ወስዷል። ያኔ የምቆርጠው ወረቀት ላይ ምን እንደተጻፈ እንኳ አላውቅም ነበር፤ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ስለዚህ ደብዳቤዬን ካረዘምኩ፣ ማዕድ ላይ ዘግይቶ እንደ ደረሰ ሰው ቆጥረው ይለፉኝ።

አንደኛ፣ ስለ ማውሴ አመሰግናለሁ። መሃሉ ላይ በመዳፍ የሚሽከረከር ኳስ፣ ዙሪያውን አራት አዝራር ያለው ትልቅ ማውስ ነው። የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ኮምፒውተሩም በራሱ የሚያውቀው ሁለቱን አዝራሮች ብቻ ነው። ፕሮግራም መጻፍ ሙያዋ የሆነ የእህቴ ልጅ፣ ሦስት ቅዳሜ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን እያየች ድራይቨር ጻፈችለት፤ ማውሱ የሚለውን ለኮምፒውተሩ የሚያስረዳ ፕሮግራም ማለት ነው። እጄ ተንቀጥቅጦ አንዱን አዝራር ሁለቴ ብነካው እንደ አንድ ይቆጥርልኛል። ሦስተኛውን አንዴ ከነካሁት፣ ጣቴን ባነሣም እንደተጫነ ይቆይልኛል። አራተኛው በአንድ ንክኪ ፋይል ይከፍትልኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ማውስ በቀን ስድሳ ገጽ ገለበጥኩ።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ወር ኮምፒውተሮቻችንን ሁሉ ስላሳደሱልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። አዲሱ ሲስተም የታወቀ ድርጅት ያልፈረመበትን ድራይቨር አይቀበልም አሉ፤ የእህቴ ልጅ ደግሞ ድርጅት አይደለችም፣ የእህቴ ልጅ ናት። ሆኖም ክፍልዎ ራሱ ፈርሞ ሊያስገባው እንደሚችል፣ ሥራውም ከሻይ ሰዓት እንደማይበልጥ በሁለት ገጽ ዘርዝራ፣ ከነፕሮግራሙ ላከችልዎ። እርስዎም «ከደረጃ ውጭ ለሆነ ዕቃ ድጋፍ አንሰጥም» ብለው በአንድ መስመር መለሱ። ቃል ስለማያባክኑ አደንቅዎታለሁ።

ሦስተኛ፣ በምትኩ ደረጃውን የጠበቀ አዲስ ማውስ ስለላኩልኝ። ይዞት የመጣው ቴክኒሻን እጄን አየት አድርጎ «እማማ፣ በግራዎ ይልመዱት፤ ሁሉም ነገር ልምድ ነው» አለኝ። «ልክ ነህ የኔ ልጅ፣ ጣት ማጣትም ልምድ ነው» ብዬ ሸኘሁት። ግራ እጄ ግን ሥራ ፈት አይደለም፤ የሚተይበው እሱ ነው።

አራተኛ፣ በቀን ወደ አሥራ አንድ ገጽ ስወርድ፣ ክፍልዎ ቁጥሩን ከኮምፒውተሩ ለቅሞ «ቅልጥፍና የጎደላት» በሚል ርእስ ለአስተዳደር ስላቀረበልኝ። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በር ላይ ተቀምጬ ለባለጉዳይ የተራ ቁጥር እንዳድል ተመድቤያለሁ። ባለቤቱን ካልናቁ ውሻውን አይነኩም ይባላል፤ እርስዎ ግን ትሑት ስለሆኑ ከማውሱ ጀምረው ወደ ባለቤቱ መጡ።

የበር ሥራ ነውር የለበትም። ነገር ግን እዚያ የሚነበብ ነገር የለም። አርባ ስምንት ዓመት ሳላነብ ኖሬያለሁ፤ የቀረችኝን ዕድሜ እያነበብኩ ልጨርሳት አስቤ ነበር። ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ፊርማ ብቻ ነበር፤ እሷን ነው የከለከሉኝ።

ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ወንበሩንም ለቅቄ፣ በቀሩኝ ሁለት ጣቶች እጅ እነሣለሁ፤

እስከ እሑድ ድረስ የምድር ቤቱ መዝገብ ገልባጭ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የቀድሞ ጸሐፊዎችን የእጅ ጽሑፍ አጥርቶ የሚያነብ ሌላ ሰው በቤቱ ስለሌለ፣ ከየክፍሉ «እማማ፣ ይቺ ደግሞ ምን ትላለች?» እያሉ መዝገብ ተሸክመው ይወርዱልኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ከእርስዎ ቢሮ የወረደው፣ ለእናትዎ የጡረታ ጉዳይ የሚያስፈልገው ገጽ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት መስመሮች አንብቤ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ልኬያለሁ፤ እናትዎ የተወለዱበት ዓመት ያለው አራተኛው መስመር ላይ ነው። ከእንግዲህ ለዚህ መሥሪያ ቤት አንዲት መስመር አላነብም።