ሥራ የፈታ ስም

ጥር 14 ቀን 1966 ዓ.ም.
ለጉልበቴ ስል ወደ ፍል ውሃው ወረድሁ። ከገንዳው ዳር አንድ ፈረንጅ ድንኳን ተክሏል፤ ጸጉሩ እስከ ወገቡ፣ ጫማ የለውም። ሚስተር ሮጀር ይባላል። ጡረታ የወጣሁ የእንግሊዝኛ መምህር መሆኔን ሲሰማ እጄን አልለቅ አለ። አስተርጓሚ ይሻል... የኦሮሞን ጥበብ ሊቀበል መጥቷል! ሊማር እንኳ አላለም።

ጥር 16
በአገሩ በአሜሪካ ሆፒ ከሚባል ነባር ሕዝብ መንደር ዳር ሁለት ዓመት ሰፍሮ ነበር። እንደ እነርሱ ለብሶ፣ ጸሎታቸውን በራሱ ዜማ እያዜመ፣ ለመሰሎቹ ያስተምር ነበር።
«እነርሱስ ምን አሉ?»
«ሽማግሌዎቹ ውጣልን አሉኝ። የራሳቸውን መንፈስ ረስተውታል።»
እርሱ ግን አልረሳላቸውም። እንዴት ያለ ባለውለታ ነው!

ጥር 21
ደንዲ ወሰድሁት፣ የጎሣችን ሽማግሌ ወደሆነው የአጎቴ ልጅ ወደ ጂራ። ፈረንጁ ተንበርክኮ መሬት ሳመ። በረቱ ደጃፍ ላይ መሆኑን አላስተዋለም።
«ምን ጠፍቶበት ነው?» አለኝ ጂራ በኦሮምኛ።
ስም ስጡኝ፣ ዘመድ አድርጉኝ ይላል። ባዕድን ስም ሰጥቶ ማዛመድ የቆየ ወጋችን ነው፤ ጂራ እምቢ ማለት አልወደደም። እኔን አየት አደረገ።
«ጉደታ ይባል። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ስም ነው። ባለቤቱ ትምህርት ሲገባ ደጅ ጥሎት ገባ። አይደለም እንዴ፣ ኦቦ ይገዙ?»
ተረጎምሁ። መጨረሻውን ግን ዘለልሁት።

ጥር 22
ይገዙ ያሉኝ አዲስ ዓለም ያስተማሩኝ የኔታ ናቸው። የስምንት ዓመት ልጅ ምን ይላል? ግን... አንድ ቀን አባቴ ሊጠይቀኝ መጥቶ ከግቢው በር ሁለት ጊዜ «ጉደታ!» ብሎ ተጣራ። ጓደኞቼ ቆመው ነበር። እንዳልሰማ አለፍሁ።
ከተማችን እንኳ በወረቀት ሀገረ ሕይወት ተብላ፣ አምቦ ሲሏት አቤት ማለቷን አልተወችም።

የካቲት 3
ሚስተር ሮጀር አንገቱ ላይ የበሬ ቀንድ አንጠልጥሎ ለሦስት ፈረንጆች ይሰብካል። «እኔ ጉደታ፣ የደንዲ ሐይቅ ልጅ...»
ስሜ አማረበት። የሚያበሽቀው እርሱ ነው።

የካቲት 10
የጂራ ቤት ተቃጠለ። ሰዉ ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጁ ወርቂቱ መጣች።
«አባዬ ሮብ ደቦ ነው ብሏል። ዘመድ ነኝ ያለ ሁሉ አንድ ሸክም ሣር ተሸክሞ ይምጣ። ያልመጣ ዘመድ አይደለም።»
«ጉደታም?»
«ጉደታማ ዋናው!»
ለሚስተር ሮጀር ነገርሁት። «አካሌ መሄድ አያስፈልገውም፤ ከዚህ ሆኜ ብርሃን እልክላቸዋለሁ» አለኝ። ብርሃን! ቤቱ ለነደደበት ሰው።

የካቲት 12
ድንኳኑ የለም። ብጣሽ ወረቀት ትቶልኛል፤ ወደ ሐመር ሄዷል፣ ጥበቡ እዚያ ያልተነካ ነው ይላል። «ጉደታ» ብሎ ፈርሟል። ምስኪን ሐመሮች... ገና አልሰሙም።

የካቲት 13
አንድ ሸክም ሣር፣ በዚህ ጉልበት።
ጂራ መሰላሉ ላይ ሆኖ ዘመዱን በየስሙ ይጠራል፤ የተጠራው አቤት ብሎ ሣሩን ያቀብላል። ጉርሙ፣ አቤት። ተሬፋ፣ አቤት።
«ጉደታ!»
ሰዉ ሁሉ ወደ መንገዱ እያየ ሳቀ። «የፈረንጁ ዘመድነት ሣር አይሸከምም!» አለ ጉርሙ።
ጂራ አልሳቀም። እኔን እያየ ደገመው።
«ጉደታ!»
አባቴም ሁለት ጊዜ ነበር የጠራኝ።
«አቤት» አልሁ።
ሣሩን ተቀብሎ ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየው።
«እርጥብ ነው። ሌላ አምጣ፣ ጉደታ።»
አመጣሁ።